የጣና ዓሣ በክረምት ወዴት ይሄዳል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው በመንገዱ ሁለት ወንዞችን በድልድይ ያልፋል። መጀመሪያ ጉማራን፣ ከወረታ በኋላ ደግሞ ርብን። በበጋ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየው ውሃው የሚያስፈራ አይደለም። ከብት ይጠጣበታል፤ ልጆች ይዋኙበታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ያው ወንዝ ሌላ ይሆናል። ይደፈርሳል፤ ግንድ እያንከባለለ፣ ዳሩን እየናደ ወደ ጣና ይወርዳል።

ሁሉ ነገር ወደ ታች በሚወርድበት በዚያ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ፍጡር አለ። እሱም ዓሣ ነው። በጋውን ሐይቁ ውስጥ ሲመገብ ከርሞ፣ ጎርፉን እየሰነጠቀ ወደ ደጋው አቅጣጫ ይጓዛል። ለምን ይሆን? ውሃ ፈልጎ እንዳንል ሐይቁ ሞልቷል። ምግብ ፈልጎም እንዳንል ምግቡ ያለው ሐይቁ ውስጥ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ጉዞ ነው። ነገሩ ዓሣ አጥማጁን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ግን ጣናን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የፋርጣ ወይም የደራ ገበሬም ያለበት ጉዳይ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀስ እያልን እናየዋለን።

ነጭ ዓሣ የሚባለው

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ወደ ሐይቁ ብዙ ወንዞችና ጅረቶች ይገባሉ። አብዛኛውን ውሃ የሚያመጡት ግን አራት ናቸው። እነሱም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ነው፤ ዓባይ።

ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ወደሚሆን ገደል ይወድቃል። ከታች ከቆላው የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል ዘሎ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ በሩ እንደተዘጋ ግቢ ውስጥ ለብቻው ሲራባ ኖሯል።

በጣና ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ዓሣ ይታወቃል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጣው መንገደኛ ነጭ ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ምሁራንም ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዓይነት ቆጥረውት ነበር። በ1980ዎቹ ሊዮ ናጌልኬርኬ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሐይቁ ላይ ሲሠሩ ቆይተው 15 ያህል ዓይነት እንዳለ አሳዩ። አንዱ አፉ ሰፊ ነው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። አንዱ ዓይኑ ትልቅ ነው። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ከእነዚህ ዓይነቶች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። እንዲህ ያለ የአንድ ወገን የዓሣ ዘመድ አዝማድ ፊሊፒንስ በሚባለው አገር፣ ላናዎ በሚባለው ሐይቅም ነበር። ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ጠጠርና ንጹሕ ውሃ

ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዝ ውስጥ ነው። ሌሎቹ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይገመታል። ሰባቱ ለምን ይህን ሁሉ ድካም ይደክማሉ?

ዓሣም እንደኛ አየር ይፈልጋል። አየር ውስጥ ካሉት ነገሮች ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክስጅን ይባላል። ኦክስጅን ውሃ ውስጥም አለ። ዓሣ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባለው ቀይ ስንጥብ አማካይነት ከውሃው ይስበዋል። እንቁላሉ ግን ስንጥብ የለውም። በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ በቅርፊቱ በኩል ካላደረሰለት ይሞታል።

አሁን ወንዝ ዳር ቆማችሁ አስቡ። ውሃ በድንጋይ ላይ እየተፈጨ፣ አረፋ እየሠራ ሲወርድ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ያለ ውሃ ኦክስጅን አይጎድለውም። ከሥሩ ጠጠር ካለ ደግሞ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ጎርፍ አይወስደውም፤ ውሃው ግን በመካከሉ ያልፋል። ጭቃ ያለበት ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ጤፍ በዘራችሁ ማግስት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ደለል ቢያለብሰው ምን ይሆናል? ታፍኖ ይቀራል። የዓሣውም እንቁላል እንደዚያው ነው።

የሐይቁ ዳር አብዛኛው ጭቃ ነው። ወንዞቹም የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጡ ሥራቸው አሸዋና ጭቃ ነው። ጠጠሩና ጥሩው ውሃ የሚገኘው ከሜዳው በላይ፣ ዳገቱ በሚጀምርበት፣ ወደ ጉማራና ወደ ርብ በሚገቡት ትንንሽ ገባር ወንዞች ውስጥ ነው። ዋናው ወንዝ ገና ደፍርሶ ሳለ ገባሮቹ ቶሎ ይጠራሉ። ነጭ ዓሣ የሚፈልገው እነሱን ነው። እዚያ ለመድረስ ከሐይቁ በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ሽቅብ መዋኘት አለበት።

የጉዞው ጊዜ ይህን ይመስላል። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ፣ ለመራባት የደረሱት ዓሦች ከሐይቁ ሁሉ እየተሰበሰቡ ወንዙ ከሐይቁ ወደሚገናኝበት ቦታ ይመጣሉ። ይህን ቦታ የወንዝ አፍ እንበለው። እዚያ ተከማችተው ይቆያሉ። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጉዞው የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይወጡም። አንዱ ዓይነት ቀደም ይላል፤ ሌላው በሳምንታት ይዘገያል። እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ወላጆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እንቁላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ግን እንደ ወላጆቻቸው ቶሎ አይወርዱም። ክረምቱ ካለፈ በኋላም በወንዙ ውስጥ ባሉት ጥልቅ ቦታዎች እየተመገቡ ሲያድጉ ይገኛሉ።

ሁለቱ ሌሎች ዓሦች ግን ጠባያቸው ለየት ይላል። ቆሮሶ ከሐይቁ አትወጣም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿን አፏ ውስጥ ታስገባለች። አምባዛ ደግሞ በክረምት ጎርፍ ወደሸፈነው ረግረግ ሜዳ ይወጣል። ሜዳው ውሃ ሲተኛበት አምባዛ ከየት መጣ ብላችሁ የምትገረሙ የፎገራና የደምቢያ ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው።

የወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ

ከጥንት ጀምሮ በጣና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ ዳር ዳሩን ያጠምዱ ነበር። ታንኳ ሩቅ አይሄድም፤ ብዙም አይጭንም። ከ1978 ዓ.ም. በኋላ ግን በሞተር የሚሄድ ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ዓሣውም እስከ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ሄደ። ይህን መጥፎ ነው አንልም።

ችግሩ ያለው ጊዜውና ቦታው ላይ ነው። ዓሣው በሐይቁ ሁሉ ተበትኖ ሳለ መያዝ ይከብዳል። በነሐሴ ግን ከየቦታው ተጠርቶ መጥቶ በአንድ በር ላይ ቆሟል። አጥማጅ ይህን ያውቃል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋ በአንድ ሌሊት የሳምንቱን ያገኛል። የፍልሰታም ጾም የሚውለው በነሐሴ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው አለና ፈላጊው አይጠፋም።

እስቲ ቁጥር እንሥራ። አንዲት ነጭ ዓሣ በሆዷ ብዙ ሺህ እንቁላል ትይዛለች። ለምሳሌ 5,000 ይሁን። አንድ አጥማጅ በአንድ ሌሊት 20 እናቶች ቢይዝ፣ 20 ጊዜ 5,000 ስንት ነው? 100,000 ነው። እርግጥ እንቁላል ሁሉ ዓሣ አይሆንም። አብዛኛው ይበላል፣ ይሞታል። ቢሆንም እናቲቱ አንድ ሳምንት ቆይታ፣ እንቁላሏን ጥላ ስትመለስ ብትያዝ ኖሮ ሥጋዋ ያው ሥጋ ነበር። ለነጭ ዓሣ ደግሞ ይህ ጉዳት ቶሎ አይጠገንም። ነጭ ዓሣ ቶሎ አይደርስም፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል።

ከመረብ የባሰም አለ። ብርብራ ነው። ብርብራ ለቡና ጥላ የሚሆን፣ ቅጠሉም መሬት የሚያዳብር ጥሩ ዛፍ ነው። ፍሬው ሲፈጭ ግን የዓሣ መርዝ ነው። ዱቄቱ በወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። ታፍኖ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሰውየው የሚፈልገው አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ዓሣ ነው። መርዙ ግን አይመርጥም። እናቱንም፣ አባቱንም፣ ከዚያ በታች ባለው ውሃ ያለውን ጫጩትም ይገድላል። አብዛኛው ሳይለቀም ይበሰብሳል። ወንዙን በእንጨትና በድንጋይ አጥሮ መውጫ ማሳጣትም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምን አመጣ? ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሚያዘውን ነጭ ዓሣ መዝግበው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደገና መዘገቡ። በተመሳሳይ ድካም የሚያዘው የነጭ ዓሣ ክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ይህም ማለት በፊት 100 ኪሎ በተገኘበት ቦታ 25 ኪሎ ብቻ ተገኘ ማለት ነው። ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀነሱ። ከአሥር ጫጩት ዘጠኙ የለም ማለት ነው። ትልቁ የቀነሰው በመያዙ ነው እንበል። ሰው የማይፈልገው ጫጩት ለምን ጠፋ? የሚወልዱት እናቶች በበሩ ላይና በወንዙ ውስጥ ስላለቁ ነው። ተመራማሪዎቹም የሰጡት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልቀለለም። ከአንድ ቀጭን የላስቲክ ክር የሚሠራ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ ርካሽ መረብ በሐይቁ ተስፋፋ። ይህ መረብ ትንሹንም ትልቁንም አይለቅም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በመገጭ አፍ አካባቢ ታየ። ከዚያም ወደ ምሥራቁ ዳር ተስፋፍቶ የሐይቁን ዳር እየሸፈነ አጥማጁንም፣ ገበሬውንም፣ ከብቱንም አስቸገረ።

“እኔ የማርሰው ጤፍ ነው”

አንዱ የደጋ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ “እኔ የማርሰው ጤፍ ነው፤ የዓሣው ነገር ለእኔ ምኔ ነው?” ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነጭ ዓሣ የሚወለደው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ከእርሻህ ሥር በሚያልፈው ገባር ውስጥ ነው። ዳገቱ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ከታረሰ፣ ሐምሌ ላይ አፈሩ ታጥቦ ጠጠሩን ያለብሰዋል። ያ አፈር ያንተ ማዳበሪያና ያንተ ልፋት ነው። አንተ ምርትህን ታጣለህ፤ ዓሣው ደግሞ አልጋውን ያጣል። እርከን የሠራና በወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሣርና ዛፍ የተወ ገበሬ ሁለቱንም አድኗል። ለዓሣ ብሎ እንኳ ባይሠራው ለራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ከሁሉም ቀላሉ ነገር ይህ ይመስለናል።

ከባዱ የውሃ ነገር ነው። በበጋ የፎገራ ገበሬ ከጉማራና ከርብ በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያለማል። በዚህም ብዙ ቤት ተለውጧል። ነገር ግን በታችኛው በኩል ርብ በበጋ እስከ መድረቅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ያኔ ወደ ሐይቁ ለመውረድ ያልደረሱ ጫጩቶች በየኩሬው ይታገታሉ። ኩሬው ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። ግድቦችም አሉ። በኮጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። በርብ ላይ በ2000 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ግድብ ቁመቱ ከ70 ሜትር በላይ ነው። ግድብ ለገበሬ ዳቦ ነው። ለዓሣ ግን እንደ ጢስ ዓባይ ገደል ነው፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። ግድቡ ይፍረስ የሚል የለም። ነገር ግን ከግድቡ በታች የቀሩት ገባሮች ከድሮው ይልቅ ተፈላጊ ሆነዋል። አሸዋና ጠጠር ከእነሱ ውስጥ እየተዛቀ በመኪና ሲወሰድ፣ የሚወሰደው የእንቁላሉ አልጋ ነው።

የኛ ዓሣ በጨው አልባ ሐይቅና በወንዝ መካከል ይመላለሳል። ባሕር ባለበት አገር ደግሞ ከጨው ባሕር ወደ ወንዝ የሚገባ ዓሣ አለ። የእነዚያ ሰዎች ችግር ከእኛ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ጥቂት እንበል። በእስያ ባንግላዴሽ የሚባል አገር አለ። እዚያ ሂልሳ የሚባል ዓሣ በባሕሩና ጨዉ ከወንዝ ውሃ ጋር በሚቀላቀልበት በወንዞች አፍ ይኖራል። ለመራባት ሲደርስ ወደ ትልልቆቹ ወንዞች ይወጣል። ሕንድ በጋንጅስ ወንዝ ላይ ፋራካ የተባለውን ግድብ ሠርታ በ1967 ዓ.ም. ሥራ ስታስጀምር፣ ድሮ ሩቅ ድረስ ይወጣ የነበረው ሂልሳ ከግድቡ በላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የባንግላዴሽ መንግሥት በበኩሉ ሂልሳ እንቁላል በሚጥልበት በጥቅምት ወር አካባቢ ለ22 ቀን ማጥመድም፣ መሸጥም፣ ማጓጓዝም ከልክሏል። በዚያን ጊዜ ለአጥማጆቹ ቤተሰብ ሩዝ ይሰጣል። ሩዙ ዋና ነገር ነው። ልጁ የራበውን አባት “መረብህን አንሣ” ብሎ ማዘዝ ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ። የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። ዓሣ የሚያጠኑ ባለሙያዎች የሚመክሩት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ በወንዞቹ አፍና በወንዞቹ ውስጥ መረብ እንዳይጣል ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ አጥማጁ በዚያን ጊዜ ከአፉ ርቆ ቆሮሶና አምባዛ ሊይዝ ይችላል። ወረቀቱ ከባሕር ዳር ወጥቶ እያንዳንዱ የወንዝ አፍ ድረስ መድረሱ ግን የሚቻለው ወንዙን ዕለት በዕለት የሚያየው ሰው ሲይዘው ነው። ብርብራ ማን እንደፈጨ ከመንደሩ ሰው በፊት የሚያውቅ የለም።

ይህን ለማየት የምትፈልጉ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ውሃው ከጠራ በኋላ፣ በአጠገባችሁ ወዳለው ገባር ውረዱ። ጥላ ያለበት፣ ውሃው ጉልበት ድረስ የሚሆን ኩሬ ፈልጉ። ድምፅ ሳታሰሙ ጥቂት ቆዩ። ጣት የማያህሉ ብርማ ዓሦች ራሳቸውን ወደ ውሃው መምጫ አዙረው ቆመው ታያላችሁ። ከእነሱ መካከል የነሐሴ ልጆች ይኖሩበታል። ኩሬው ሳይደርቅ ሰኔ ላይ ከደረሰ፣ ወንዙ ሲሞላ ኩሬውና ኩሬው ይገናኛል። እነሱም በዚያ ደፍራሽ ውሃ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ እናቶቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከታች መሰብሰብ ይጀምራሉ።